ቅጂና ማስመሰል፦ በመኖሪያ ቤቶች ስለሚቀመጡ የጥንት ዕቃ አምሳያዎች

ከሁለት ዓመት በፊት በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ በአንድ የትምህርት ቤት ባልንጀራዬ ቤት ሦስት ቀን በእንግድነት ተቀምጬ ነበር። ሳሎኑ በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሳሎን ነው። ብፌው ላይ ቁመቱ ከክንድ የማይበልጥ የአክሱም ሐውልት ቆሟል። በአንዱ ግድግዳ የላሊበላ መስቀል ተሰቅሏል፤ በማዕዘኑ ረከቦትና ጀበና ተቀምጠዋል። ከሶፋው በላይ ደግሞ ጠርዙ በእሳት የተለበለበ የሚመስል፣ መልኩ የጠየመ ጥቅል ብራና በመስተዋት ውስጥ ተንጠልጥሏል። ሁሉም ከአዲስ አበባ የተገዙ ናቸው፤ ሁሉም አምሳያዎች ናቸው። ባልንጀራዬም ይህን አይደብቅም።

ጥቅሉን ልብ ብዬ ያየሁት በዘጠኝ ዓመት ልጁ ምክንያት ነው። ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ትማራለች። በሁለተኛው ቀን ከአጠገቤ መጥታ ወደ ግድግዳው እያሳየች፣ «ጋሼ፣ የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩት፤ ሌላውን ግን አልችልም፤ ገና አልጎበዝኩም» አለችኝ። አባቷም ከወዲያ ሆኖ፣ «አንተ የፊደል ሰው አይደለህ? እስቲ አንብብላት» አለ። ተነሥቼ አየሁት። የመጀመሪያው መስመር በቀይ ቀለም «በስመ አብ ወወልድ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በታች ያሉት ዐሥራ ምናምን መስመሮች ግን ግእዝም፣ አማርኛም፣ ትግርኛም አይደሉም። ፊደሎች ናቸው፤ ቃል ግን የለም። ቃልን ከቃል የሚለይ ሁለት ነጥብ አንድም ቦታ አላየሁም። ሁለት ሦስት ፊደላት ግራቸው ወደ ቀኝ ዞሯል። ሠሪው እጁ የረከሰ ሰው አይደለም፤ የሐረጉ ጥልፍልፍ የተዋጣለት ነው፣ የመልአኩ ዓይኖችም ይናገራሉ። የጻፈውን ግን ማንም ያነበዋል ብሎ አላሰበም።

ልጅቷ ከአንድ ዓመት በላይ ያንን ግድግዳ እያየች ጉድለቱ የእርሷ ነው ብላ ኖራለች። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይኸው ነው። በዚህ ዩኒቨርሲቲ በእንግዳ ተመራማሪነት በቆየሁበት ጊዜ ለክፍሉ የውይይት ጉባኤ በአጭሩ አቅርቤው ነበር፤ እዚህ አስፋፍቼ እመለስበታለሁ።

ስለ ጥንታዊ ዕቃ አምሳያዎች የሚነሣው የተለመደ ክርክር «እውነተኛ ነው ወይስ ኮፒ?» የሚል ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ጥያቄ ወደ ነገሩ አያስገባንም። በሳሎን የሚቀመጥ ዕቃ ቅጂ መሆኑ በራሱ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም እንደማሳየው የእኛ የጥበብ ታሪክ በቅጂ የቆመ ታሪክ ነው። የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ ከዋናው ወደ ቅጂው ምን ተሻገረ?

ቋንቋው ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት ጠይቆታል። «ቅጂ» የተገኘው «ቀዳ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ከግንዱ የመጨረሻ ድምፅ ላይ የዋለው «ኢ» «ድ»ን ወደ «ጅ» ለውጦታል። ውኃ ይቀዳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ መጽሐፍ ይቀዳል፣ በኋላ ዘመን ደግሞ ድምፅ ይቀዳል። ሥሩ የግእዙ «ቀድሐ» ነው፤ ትግርኛም ከዚያው ሥር «ቅዳሕ» ይላል። በሁሉም ውስጥ አንድ ፈሳሽ ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላው ያልፋል። «ግልባጭ» የሚለው የመሥሪያ ቤት ቃላችን፣ በየደብዳቤው ግርጌ ቆሞ ስንቱን ባለሥልጣን የሚያዳርሰው፣ ከመገልበጥ የመጣ ነው። ኦሮምኛውም በዚያው መንገድ ሄዶ መገልበጥን ከሚያመለክተው ግሥ «ገረገልቻ» የሚለውን ስም አውጥቷል። የስዋሒሊው «ናካላ» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን መነሻው ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር ነው። እንግዲህ ጎረቤታሞቹ ቋንቋዎች በተለያየ ምስል አንድ ነገር ይላሉ፤ የቀዳ፣ የገለበጠ፣ ያዛወረ ሰው አንድ ነገር አሳልፏል።

«መሰለ» ግን ከዚህ የተለየ ባሕርይ አለው። «መሰለኝ» ስንል ነገሩ ያለው በተመልካቹ ዘንድ ነው፤ ከዋናው ምንም መሻገር አይኖርበትም። ከዚህ ሥር የወጡት ቃላት ክብራቸው የተለያየ መሆኑም ያስገርማል። «አምሳል» ከፍጥረት ታሪክ ጋር የተሳሰረ ቅዱስ ቃል ነው፤ «ምሳሌ» የጠቢባን ነው፤ «አስመሳይ» ግን ስድብ ነው። በምክንያት አድራጊው «አስ-» ሲገባ ነገሩ ከመምሰል ወደ ማታለል ያዘነብላል። የገበያው አማርኛ ይህን ልዩነት አጥፍቶታል። «ኦርጅናል» እና «ኮፒ» በሚሉ ሁለት የውሰት ቃላት ዓለምን ከሁለት ይከፍልና፣ የተቀዳውንና የተመሰለውን በአንድ ከረጢት ያስገባል። «ኮፒ» በመነሻው፣ በላቲን፣ ብዛትንና መትረፍረፍን የሚያመለክት ቃል ነበር፤ በእኛ ገበያ ግን ማነስን ብቻ ይገልጻል።

ቅጂ ማነስ ያልነበረበትን ዘመን ለማስታወስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የብራና መጽሐፍ ሁሉ ቅጂ ነው። ጸሐፊው በመጨረሻው ገጽ ላይ ማን እንዳጻፈው፣ ማን እንደጻፈው ይናገራል፤ ስለ ስሕተቱ ይቅርታ፣ ስለ ድካሙ ጸሎት ይለምናል። ቅጂ መሆኑን አይደብቅም፤ ዕድሜም አይጨምርም። በሥዕልም እንዲሁ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአብያተ ክርስቲያናት የተስፋፋችው የእመቤታችን ሥዕል፣ እጆቿን አመሳቅላ ሁለት ጣቶቿን የዘረጋችው፣ በኢየሱሳውያን መነኮሳት አማካይነት የመጣውን በሮም በታላቋ ቅድስት ማርያም ባሲሊካ ያለውን ሥዕል የተከተለች ናት። የጎንደር ሠዓሊዎች ግን ቀድተው አላቆሙም፤ የልብሷን ጥለት፣ የዓይኗን አሣሣል፣ የመላእክቱን አቋቋም የራሳቸው አደረጉት። ነገሥታቱ በዘመቻ ያስከትሉት የነበረው «ኵርዓተ ርእሱ» ራሱ በአውሮፓ የሥዕል ስልት የተሠራ ነው። በ1868 (እ.ኤ.አ.) ከመቅደላ ተወስዶ ቀርቷል፤ ምስሉ ግን አልቀረም። አስቀድሞ ተቀድቶ ስለነበር በየደብሩ ሲታይ፣ ሲሳለም ይኖራል። ዋናው በሌለበት ሥራው ያልተቋረጠው በቅጂዎቹ ነው።

ሌላ ምስክር ልጥቀስ። በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ጎብኚ የሚመለከታት ድንቅነሽ፣ በ1974 (እ.ኤ.አ.) በሐዳር የተገኘችው፣ ቅጂዋ ናት፤ ዋናው አጽም በጥበቃ ተቀምጧል። ይህን ሲሰማ ተታለልሁ ብሎ የሚወጣ ሰው አላጋጠመኝም። የአጥንቱ መጠን፣ የጎደለው ክፍል፣ የዳሌው ቅርጽ ተሻግሯልና ቅጂው የሚያስተምረውን ያስተምራል። ምን እንደሆነም ተነግሮናል።

አሁን ወደ ሳሎኑ ልመለስ፤ ዕቃዎቹ በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ አይደሉም።

የአክሱም ሐውልት አምሳያ ከሁሉ ይልቅ ያስቸግረኛል፤ ምክንያቱም ዋናው ራሱ አምሳያ ነው። የአክሱም ጠራቢዎች ከአንድ ወጥ ድንጋይ ያወጡት ፎቅ ቤት ነው። ከሥሩ የማይከፈት በር አለ፤ በላዩ መስኮቶች በየደርቡ ተደርድረዋል፤ በድንጋይና በእንጨት ከሚሠራው ቤት ግድግዳ ብቅ የሚሉት የምሰሶ ጫፎች፣ «የዝንጀሮ ራስ» የምንላቸው፣ ድንጋይ ሆነው ተቀርጸዋል። በ1937 (እ.ኤ.አ.) ወደ ሮም ተወስዶ፣ በ2005 ተመልሶ፣ በ2008 እንደገና የቆመው ሐውልት 24 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ክብደቱም 160 ቶን ገደማ ነው። ወድቆ የተሰባበረው ትልቁ ደግሞ 33 ሜትር ያህል ነው። እንጨቱን በድንጋይ ቀዱት፤ የሚኖርበትን ቤት የሙታን ቤት ምልክት አደረጉት። ካየኋቸው ትንንሽ አምሳያዎች በአብዛኞቹ በሩ ሁለት ጭረት፣ መስኮቱ አንድ ጭረት ሆኗል፤ የዝንጀሮ ራሱ ፈጽሞ ጠፍቷል። የቀረው ጫፉ የከበበ ረጅም ነገር ነው። ይህ «አክሱም» የሚል ስም እንጂ የአክሱም ቅጂ አይደለም። ከለስላሳ ድንጋይ በጥንቃቄ የተቀረጸ፣ ደርቦቹ የሚቆጠሩበት አንድ አምሳያ በሌላ ቤት አይቻለሁ፤ የቤቱ ልጆች የስንት ፎቅ ቤት እንደሆነ ያውቁ ነበር። ሁለቱን ዕቃዎች በዋጋ የሚለያያቸው ጥቂት ነው።

ስለ መስቀሉ ብዙ አልልም። «አፍሮ አይገባ» የተባለው የላሊበላ መስቀል በ1997 (እ.ኤ.አ.) ተሰርቆ ከዓመታት በኋላ ከቤልጅግ መመለሱ ይታወቃል። ቅጂዎቹ በየአንገቱና በየግድግዳው ናቸው። መስቀል በመቀዳት የሚኖር ምልክት ስለሆነ፣ በቤት የሰቀለው ሰው አምኖበት ከሰቀለው ሂስ የሚገባበት ቦታ አይታየኝም።

ክታቡ ግን የተለየ ነገር ነው። ደብተራው ጥቅሉን የሚሠራው ለአንድ ሰው ነው። ርዝመቱ ከሰውየው ቁመት ጋር ይስተካከላል፤ ከራስ እስከ እግር ይጠብቀው ዘንድ። የክርስትና ስሙ፣ ወለተ እገሊት ወይም ገብረ እገሌ፣ በጸሎቱ መካከል በየቦታው ይገባል። ጥቅሉ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የቀድሞው ስም ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ስም ይጻፍበታል። አንድ ሰው በዚህ ኃይል ቢያምን ባያምን፣ የዕቃው አሠራር በስምና በንባብ ላይ የቆመ መሆኑን መካድ አይቻልም። በባልንጀራዬ ግድግዳ ላይ ያለው ጥቅል ቁመቱ የመስተዋቱ ቁመት ነው። ስም የለበትም፤ ለስም የተተወ ቦታም የለበትም። ንባብ ደግሞ፣ እንዳልሁት፣ ከመጀመሪያው መስመር አላለፈም። ከምንጩ ወደ እንስራው የገባ ጠብታ የለም። ይህን «ቅጂ» ማለት ቃሉን መበደል ነው።

በዛንዚባር የድንጋይ ከተማ በእንጨት በር ጠራቢዎች ዘንድ የሚታየው ልማድ ለዚህ ተቃራኒ ይሆነኛል። ጠራቢው የአሮጌውን በር ጌጥ ተከትሎ አዲስ በር ይቀርጻል፤ በሩ አዲስ መሆኑ ማንንም አያሳፍርም። በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

የእኛ የስጦታ ዕቃ ገበያ፣ በቸርችል ጎዳና ግራና ቀኝ ያለውን ጨምሮ፣ በሌላ ፍላጎት የሚነዳ ይመስላል። ገዢው የሚሻው ቅጂን ሳይሆን ዕድሜን ነው። ስለዚህ አዲሱ ብራና በሻይና በቡና ዝቃጭ ይጠይማል፣ በጭስ ይታጠናል፣ ጠርዙ ይለበለባል። አማርኛ «ያረጀ» እና «የቆየ» ብሎ መለየቱ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ማስረጀት በአንድ ቀን የሚሠራ ሥራ ነው። የቆየ ዕቃ ግን አንድ ሰው ዘንድ የቆየ ዕቃ ነው፤ ግሡ ራሱ መጠበቅንና መጠበቂያ ቦታን ይጠይቃል። የሚያስቀው ደግሞ፣ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ በመሆኑ፣ ሱቅ ውስጥ «ጥንታዊ ነው?» እያለ የተከራከረው ገዢ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ «አዲስ ነው» እያለ የሚማጠን መሆኑ ነው።

የዕድሜ ረኀብ በማስረጀት ብቻ ቢያበቃ ባልከፋ። ከእውነተኛ የቆየ ዳዊት ወይም የጸሎት መጽሐፍ ገጽ ተገንጥሎ፣ ጽሑፉ ተፍቆ ወይም ተሸፍኖ፣ በላዩ አዲስ ሥዕል ተሥሎ ይሸጣል። ብራናው አሮጌ፣ ሥዕሉ አዲስ ነው፤ የተገዛው ግን ሁለቱም «ጥንታዊ» ተብለው ነው። ሥዕሉን ወድጄ የገዛ ሰው በግድግዳው ላይ የሰቀለው የአንድ መጽሐፍ አካል ነው፤ የቀሩት ገጾች የት እንዳሉ ማንም አያውቅም። በዚህ ጊዜ አምሳያው ዋናውን ከመተካት አልፎ ዋናውን እየበላ ነው። የቋንቋ ተመራማሪ እንደ መሆኔ ለሥዕሉ ሳይሆን ለተፋቀው መስመር አዝናለሁ፤ ምን ዓይነት አጻጻፍ፣ ምን ዓይነት የግርጌ ማስታወሻ፣ የየትኛው ደብር ስም እንደነበረበት ማወቂያው ያ ብቻ ነበር።

ጥፋቱን በነጋዴው ብቻ ላይ ማድረግ ግን ቀላል ነው። አክስቴ ጉለሌ በሚገኘው ቤቷ የአያቴን የነሐስ ትሪና ፋኖስ ለቆራሌው ሸጣቸው ነበር። ቦታ አጣብበዋል፤ ትሪው ጥቁር ሆኗል፤ መብራትም ከገባ ቆይቷል። ማንም አልተቃወማትም፤ እኔም በዚያን ጊዜ ተማሪ ነበርሁ፤ ቢጠይቁኝም ይሸጥ ማለቴ አይቀርም ነበር። ከዓመታት በኋላ ልጆቿ ቤቱን ሲያድሱ ከአንድ ሱቅ «የድሮ ፋኖስ» ገዝተው በመደርደሪያው ላይ አኖሩት። ቀለሙ ሆን ተብሎ ዝጎ የተሠራ ነው። አንሥቼ ሳየው ጋዝ የሚገባበት ሆድ የለውም፤ ክሩም ከቆርቆሮው ጋር በሙጫ ተጣብቋል። አክስቴ ዐይታ፣ «ይኸ ምኑን ይበራል?» ብላ ትታዋለች። ስለ አምሳያ ዕቃ ከሰማኋቸው ሂሶች ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘሁም።

በውይይቱ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባ እንዲህ ሲሉ ተቃውመውኛል፦ ሰው ቤቱን የሚያስጌጠው ለትምህርት አይደለም፤ ከአገሩ የራቀ ሰው ደግሞ በግድግዳው ላይ የሚፈልገው ንባብን ሳይሆን ናፍቆቱን የሚያሳርፍበት ነገር ነው፤ የፊደል ቅርጽ ብቻውን ይህን ይሰጠዋል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ባልንጀራዬም ጥቅሉን የገዛው ወደ ቤቱ ሲገባ ዐይኑ ፊደል እንዲያይ ነው፤ ይህን ራሱ ነግሮኛል። ፊደል ለማያነበው ሰውም ጌጥ መሆኑን አልክድም፤ በጥልፍም በጌጣጌጥም ላይ ደስ እያለን እናየዋለን። ነገር ግን ጌጥ የሆነ ፊደል ጌጥ መሆኑ ሲታወቅ ነው ማንንም የማይጎዳው። ጥቅሉ ግን ለመነበብ የተጻፈ መስሎ ነው የተሠራው። ይህን ለመለየት ዕውቀት የሌለው ተመልካች ጉድለቱን ወደ ራሱ ያዞራል። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ያደረገችውም ይህንኑ ነው፤ ልታነብ ሞክራ ነበርና። ካልሞከሩት ይልቅ የሞከረችው እርሷ መጎዳቷ ነው ነገሩን የሚያከፋው።

መድኃኒቱ ውስብስብ አይመስለኝም፤ አሮጌዎቹ ጸሐፍት ሲያደርጉት የኖሩት ነው። ሠሪው ስሙን ይጻፍ። ዋናው የት እንደሚገኝ፣ ምን እንደ ተቀዳ፣ ምን እንደ ተተወ በጀርባው በሁለት መስመር ይገለጽ። ቁም ጽሕፈት የተማረ ሰው ዛሬም አልጠፋም፤ የሚነበብ ጸሎት የጻፈ፣ ስም የሚገባበት ቦታ የተወ ጥቅል ለመሥራት የሚያስፈልገው ጊዜ ከማስረጃው ጊዜ የሚበዛ አይደለም። ዋጋው ከፍ ቢል እንኳ ገዢው የሚከፍለው ለጭስ ሳይሆን ለእጅ ሥራ ይሆናል።

በዚያ ምሽት ለልጅቷ እውነቱን ነገርኋት። አባቷ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ሳቀ፤ ከዚያም፣ «ታዲያ ላውርደው?» ሲል ጠየቀኝ። አታውርደው አልሁት። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ወንበር ስባ ቆመችበትና መስመሮቹን በጣቷ እየተከተለች ሁሉንም እስከ መጨረሻው እንደገና ሞከረቻቸው፤ እኔንም ያመነችኝ ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ባለፈው ወር አባቷ በስልክ እንደ ነገረኝ ጥቅሉ አሁንም በቦታው አለ። ከመስተዋቱ በታች በልጅቷ እጅ የተጻፈች ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች፦ «የመጀመሪያው መስመር ብቻ ይነበባል። ሌላው ስዕል ነው።» ሥዕልን በእሳቱ «ሰ» ጽፋዋለች፤ እንዳያርማት ነግሬዋለሁ።